ከዘይነባ ጓሮ የተቆረጠ ቅጠል

ወልደኪዳን ሞቶ የተገኘው በዘይነባ ጓሮ፣ የግድግዳ ቀለም የሚሆነው ቀይ አፈር ከሚወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ማጅራቱን በድንጋይ ተመትቷል፤ ላዩ ላይ የእንሰት ቅጠል ተከምሮበታል። ከአዲስ አበባ በላንድሮቨር የመጣው ከጓደኛው ከሠዓሊው ከጠና ጋር፣ በጃጁራ ዙሪያ ያሉትን ባለሥዕል ጎጆዎች ሊጎበኝ ነበር፤ የዘይነባም ጎጆ አንዱ ነው።

የሆሳዕናው መርማሪ፣ መቶ አለቃ ቸኮል፣ ሲደርስ ዘይነባን የመንደሩ ጭቃ ሹም በገመድ አስሯታል። ስሙ ነው እንጂ ቸኮል መቸኮል አያውቅም። ቅጠሉን አንድ በአንድ አነሳ። ገና ያልተፈቱ ለጋ ጥቅልሎች ናቸው፤ ከሦስት እንሰት እምብርት የተጎመዱ።

«ጉድጓዱ የሷ፣ ጓሮው የሷ» አለ ጭቃ ሹሙ። «ምን ይመረመራል? ስቅላት ነው።»

«አፍህ ይሰቀል!» አለችው ዘይነባ።

«ሟቹ ምን አለሽ?» ሲል ቸኮል ጠየቃት።

«ግድግዳዬን አይቶ ሳቀ፣ ጌታዬ። ‹ይህንማ አዲስ አበባ አይቼዋለሁ፤ የሌላ ሰው ሥራ ነው ተብሎ ተሰቅሏል› አለኝ። እኔ አዲስ አበባን የት አውቄው! ጓደኛው ግን አምና መጥቶ ሲስል ውሏል።»

መቶ አለቃው ወደ ሾፌሩ ዞረ። ኑሪ የዚያው አገር ልጅ ነው።

«አንተስ?»

«ከመኪናው ሥር ተኝቼ ዘይት ስቀይር ነበር።»

«ቅጠል ቁረጥ ብትባል የትኛውን ትቆርጣለህ?»

«የታችኛውን፣ ያረጀውን። እሱንም ባለቤቷ ከፈቀደች። እንሰት የሴት ነው። እምብርቱን ብነካማ እናቴ ከመቃብር ተነስታ ትረግመኛለች።»

«አቶ ጠና፣ እርስዎስ?»

«ካረፍኩበት ጎጆ አልወጣሁም። እንሰት የሚባል በእጄም አልነካሁ።»

የነጭ ሸሚዙ እጅጌ ግን እርጥብ ነበር።

«ይህስ?»

«ፊቴን ስታጠብ ነው።»

«እንግዲያው ይድረቅ» አለ ቸኮል፤ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አስቀመጣቸው። ጭቃ ሹሙ አጉረመረመ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተነሣ።

«እምብርቱ የተቆረጠ እንሰት ይሞታል፤ ቤተሰብም ይራባል። ዘይነባ ሰው ብትገድል እንኳ እንሰቷን አትገድልም። ኑሪም እንዲሁ። የቆረጠው ቅጠል ሁሉ አንድ የሚመስለው እንግዳ ነው። ለምን ገደለ? ስሙን ያስጠራው ሥዕል የዚህች ሴት ግድግዳ መሆኑን ሟቹ ስለደረሰበት። አዲስ አበባ ሲመለስ ሊናገር ነዋ!»

«ማስረጃስ?» አለ ጠና።

«የእንሰት ውሃ እርጥብ ሳለ አይታይም። ሲደርቅ ነው የሚጠቁረው፤ ሳሙናም አያስለቅቀው። እርስዎን ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው።»

ሰው ሁሉ እጅጌውን አየ። ቡናማው ነጠብጣብ እስከ ክርኑ ወጥቷል። ጠና እጁን ወደ ኋላ ደበቀ።

ጭቃ ሹሙ ገመዱን ከዘይነባ ፈትቶ ጠናን አሰረበት፤ ዓይኗን ግን ማየት አልቻለም። እሷም አላየችውም። ጓሮ ገብታ ከሦስቱ ጉማጆች አጠገብ ቁጭ አለች።

«ሥዕሉንስ ይውሰደው» አለች። «ይህ ግን የልጆቼ የከርሞ ምግብ ነበር።»