ጫፉ የተሰበረው ምላጭ

ኡምኩልሱም ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቂም ይዛ ኖረች። ጀማለዲን የአባቷን ምላጭ ሰርቆ ጠፋ። እሷንም ጥሎ!

አባቷ እንድሪስ በከሚሴ የታወቁ ላጭ ነበሩ። ሕፃን በተወለደ በሰባተኛው ቀን ፀጉሩ የሚነሳው በእሳቸው እጅ፣ በዚያ በሚታጠፍ የጥንት ምላጭ ነበር። ጀማለዲን ሙያውን ከእሳቸው ሲማር ቆይቶ፣ ሽማግሌ ልኮ ኡምኩልሱምን ጠየቀ። መልሱ ሳይሰጥ፣ በሦስተኛው ቀን ከነምላጩ ተሰወረ። በዓመቱ አባቷ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ማንም ቢጠይቃት «ወንድ አላምንም» እንዳለች ቀረች።

ዛሬ የእህቷ ልጅ ሩመይሳ የወለደችው ሕፃን ሰባት ቀን ሞላው። የሩመይሳ ባል ቶፊቅ፣ «ከሰንበቴ ከተማ እጁ የተባረከ ላጭ አመጣሁ!» እያለ ገባ።

«አካም ቡልታን?» ብሎ እንዴት እንዳደሩ በኦሮምኛ ጠየቀ ከኋላው የመጣው ሰው።

ሕፃኑን ያቀፈችው ኡምኩልሱም ቀና ብላ አየችው። ሸብቷል እንጂ ራሱ ነው። ጀማለዲን!

እሱም አያት። በጨርቅ የተጠቀለለ ምላጭ ፈትቶ ዘረጋላት።

«የአባትሽ ነው።»

«ውሸታም! የአባቴ እጀታው ነጭ አጥንት ነበር። ጫፉም እንደ መርፌ የሾለ።»

ወደ ብርሃን አዞረላት። እጀታው የበሬ ቀንድ ነው። ስለቱ በመሳል ብዛት ቀጥኗል፣ ጫፉ ክብ ሆኗል። እጀታው ሥር ግን አባቷ የጫሯቸው ሦስት መስመሮች አሉ።

«ከእጄ ወደቀ ኡምኩልሱም። ጫፉ ተሰበረ፣ እጀታው ተሰነጠቀ። ልጃቸውን ጠይቄ ዕቃቸውን ሰበርኩ... ወላሂ ፈራሁ! ጠግኜ እመለሳለሁ ብዬ ሄድኩ። ስመለስ ቀብራቸው ላይ ደረስኩ። ያኔ ደግሞ አንቺን ፈራሁ።»

«ከሰንበቴ ከሚሴ በሚኒባስ ሃያ ሁለት ዓመት ይፈጃል?»

«ለፈሪ ሩቅ ነው።»

«አክስቴ፣ ይቅርብን!» አለች ሩመይሳ። «ልጄን በተሰበረ ምላጭ?»

ኡምኩልሱም ሕፃኑን አየች። እርግብግቢቱ ትር ትር ይላል። እምቢ ብትል ሰውየው ይሄዳል፣ ዳግም አይመጣም። እሺ ብላ ደም ቢፈስስስ?

ምላጩን ተቀብላ ጫፉን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። አልወጋትም። የአባቷ አውራ ጣት ትዝ አላት... ጠባሳ በጠባሳ ነበር። ሹሉ ጫፍ ሕፃን እንዳይወጋ በጣታቸው እየሸፈኑ ነበር የሚላጩት።

«ጀማል...» አለች። «አባቴ ይህን ጫፍ ቢያዩት ይስሙህ ነበር እኮ!»

ሰውየው ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ።

«አታልቅስ! እጅህ ይንቀጠቀጣል። ቢስሚላህ በል።»

ምላጩን መልሳ ሰጥታው የሕፃኑን ራስ በሁለት እጇ ያዘች። ምላጩ በእርግብግቢቱ ዳር ሲያልፍ ትንፋሿ ቆመ። ከጆሮው ጀርባ ሲዞር ዓይኗን ጨፈነች። ሩመይሳማ ወጥታ ደጅ ቆማለች።

«አልሐምዱሊላህ፣ አለቀ» አለ ጀማለዲን።

አንዲት ጠብታ ደም የለም። ሕፃኑ ጭራሽ እንቅልፍ ወስዶታል።

ጀማለዲን ምላጩን ጠርጎ፣ ጠቅልሎ እጇ ላይ አኖረው። «የናንተው ነው» ብሎ ወደ በሩ ሄደ።

«ቁም! ያኔ የላክሃቸው ሽማግሌዎች መልስ ሳይሰጣቸው ነው የቀሩት።»

«ሁለቱ እኮ ሞቱ።»

«ሼህ ሙሐመድዘይን አሉ። ለጁምዓ ይዘሃቸው ና።»

«እምቢ ብትይስ?»

«ፈሪ! አሁንም?»

ጁምዓ ሽማግሌው መጡ። ገና ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ በአባቷ ቦታ የተቀመጠው ታላቅ ወንድሟ አፉን ሳይከፍት፣ ኡምኩልሱም ከጓዳ ጮኸች።

«እሺ ብያለሁ! ሃያ ሁለት ዓመት አስቤበታለሁ!»