ሳይደርቅ የተጠረገው ቀለም

ሟቿ በሥራ ክፍሏ ወለል ላይ፣ ከወረቀት መጭመቂያው ብረት ሥር በጀርባዋ ተንጋልላ ነበር የተገኘችው። የመጭመቂያው አንዱ ማዕዘን ደም ነክቶታል። ሁለቱም እጆቿ እስከ አንጓቸው ድረስ በጥቁር ቀለም ተነክረዋል። ጠረጴዛዋ ላይ ደግሞ አንዲት ክንፏን የዘረጋች ወፍ በመስኮቱ ብርሃን ታብለጨልጫለች። ወፏ በወፍራም ነጭ ካርቶን ላይ ከተለጠፈ ስስ የአሉሚኒየም ቴፕ የተሠራች ናት፤ ላባዋ አንድ በአንድ ተሰርጉዶ፣ ስርጉዱ ውስጥ ጥቁር ቀለም ቀርቶ፣ ከላይ ያለው ብረት እንደ መስታወት ጠርቷል።

ኢንስፔክተሯ ከሬሳው ይልቅ ወፏን ረዘም አድርጋ አየቻት። ይህ አብሯት የመጣውን አዲሱን ሹም አላስደሰተውም። አዲሱ ሹም እሷ ሥር ሆኖ ሪፖርት መጻፍ የተማረ ልጅ ነበር፤ ሰሞኑን ግን እሷ ስትጠብቀው የኖረችው ወንበር ላይ ጉብ ብሏል። «እንኳን ደስ ያለህ» ብላዋለች፣ ጥርሷን ነክሳ። ስለዚህ ቅናት ምን እንደሚመስል ማንም እንዲነግራት አያስፈልጋትም፤ ጠዋት ከቤት ስትወጣ አብሯት ወጥቷል።

«ምኑ ነው ያስደነቀሽ?» አለ ሹሙ። «ነገሩ እኮ ግልጽ ነው። ባልየው ጠዋት ሲጮህባት ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ገፈተራት፣ ብረቱ ጭንቅላቷን መታት፣ አለቀ። ከምሳ በፊት ይዤው እሄዳለሁ።»

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«ወዲያው አልሞተችም አለ። ደሟ እየፈሰሰ ትንሽ ቆይታለች። ሰው ደርሶላት ቢሆን ትተርፍ ነበር።»

«ልጅ አላቸው አሉ።»

«አንዲት ሴት ልጅ። ለጊዜው ጎረቤት ቤት ናት። አባቷን ስንወስደው አክስቷ ትረከባታለች፤ ልብሷን እያሰናዳች ነው። ደግ ሴት ናት።»

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ ወለሉን አየች። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ ሲበዛ ንጹሕ። ከበሩ ደፍ ውጭ ብቻ ጥቂት የእንጨት ብናኝ ተበትኗል። ቅርጫቱ ውስጥ በጥቁር ቀለም የራሰ መጥረጊያ ጨርቅ ተጥሏል። ከዚያ ወደ ወፏ ተመልሳ በቴፑ ዙሪያ የተተወውን ነጭ የካርቶን ጠርዝ በዓይኗ ዞረችው። አንዲት የቀለም ነጠብጣብ የለበትም።

«ከምሳ በፊት አልክ?» አለች ቀና ብላ። «እንግዲያው ምሳህን ቀስ ብለህ ብላ።»

ባልየውን ከግቢው ማዶ ባለች የእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ፣ ባልተጠናቀቀ የስዕል ፍሬም ላይ ተቀምጦ አገኘችው። የሚስቱን ስዕሎች በፍሬም የሚከተው እሱ ነው። ከጫማው እስከ ቅንድቡ ብናኝ ለብሷል፤ እንባው የወረደበት ቦታ ብቻ ተጠርጓል።

«ጮኸውባታል አሉ» አለችው።

«ጮኼባታለሁ። ምን ልበልዎ፣ ቀናሁ። ያ ባለ ሱቅ በመጣ ቁጥር አንድ ሌላ ሳቅ ትስቃለች። እኔ ዘንድ የማይመጣ ሳቅ። ዛሬም ሊመጣ ነው ስትለኝ ደሜ ፈላ።»

«ክፍሉ ውስጥ ገብተው ነው የተጣላችሁት?»

«እኔ? እዚያ ክፍል እኔ ገብቼ አላውቅም! ልብስህ ላይ ያለው ብናኝ ቴፑ ሥር ይገባና ጉብ ጉብ ያለ ነገር ያወጣብኛል ብላ ከልክላኛለች። ባሏ ሆኜ እንደ እንግዳ በር ላይ ነው የምቆመው። ዛሬም በር ላይ ቆሜ ነው የጮህኩት።»

«እሷስ ምን ትሠራ ነበር?»

«ያቺን ወፍ ጥቁር ቀለም ታለብሳታለች። ስንት ቀን የደከመችበትን ነገር ድፍን አድርጋ አጠቆረችው። እንዲያውም 'ይኸው አበላሸሽው፣ እሰይ' ብያት ሄድኩ።» ድምፁ ተሰበረ። «የመጨረሻ ቃሌ እሰይ ሆነ፣ እሜቴ።»

ባለ ሱቁ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ነበር። ሱፍ ልብሱን የለበሰው ለሌላ ነገር እንደሆነ ያስታውቃል። የሟቿን ስዕሎች ከተማው ሁሉ የሚገዛው ከእሱ ሱቅ ነው።

«እንደ እሷ ያለች እጅ አይገኝም» አላት፤ «እነዚያን ጥቁር መስመሮች በቀጭን ብሩሽ ስትስላቸው አንዴ እንኳ እጇ አይስትም። ፀጉር የሚያክሉ መስመሮች እኮ ናቸው!»

«በብሩሽ?»

«ታዲያ በምን?» አለ ደንግጦ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከእርስዎ የምደብቀው ነገር የለም፤ እውነቱን ልንገርዎት። ወፏን ለእኔ ሳይሆን ለሌላ ሰው አዳራሽ ልትሰጥ ነበር። ትልቅ ትርዒት ነው፣ ስሟ በር ላይ ተለጥፏል። ስሰማ እርር ድብን አልኩ። እኔ ያወጣኋትን ሌላ ሰው ሊያሳያት! ልለምናት መጥቼ ባልየው ሲጮህ ብሰማ ከበሩ ተመለስኩ። አልገባሁም።»

ኢንስፔክተሯ ሳትወድ ፈገግ አለች። በዚህ ግቢ ያልቀና ሰው ቢኖር የግቢው ውሻ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የሕፃኗን አክስት፣ የሟቿን ታናሽ እህት፣ ሳሎን ውስጥ የሕፃን ልብስ እያጣጠፈች አገኘቻት። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ዓይኗ ያበጠ ልጅ ናት። ከእህቷ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ስትሠራ ኖራለች፤ ካርቶን ትቆርጣለች፣ የስዕሎቹን ጀርባ በወረቀት ትሸፍናለች።

«አይዞሽ እህቴ» አለች ኢንስፔክተሯ አጠገቧ ቁጭ ብላ። «መጀመሪያ ያገኘሻት አንቺ ነሽ?»

«አዎ። ወረቀት ልገዛ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ከበር ሆኜ አየኋትና ጮህኩ። ወደ ውስጥ አልገባሁም፣ አልቻልኩም። ጎረቤቶች ናቸው የገቡት።»

«እኔ ስለ ሥራችሁ ምንም አላውቅም። ያ ቴፕ ምንድነው? እንዴት ነው ወፍ የሚሆነው?»

ልጅቷ የያዘችውን ቀሚስ አስቀመጠች። ፊቷ ላይ አንድ ነገር በራ።

«የቧንቧ ሠራተኞች ቀዳዳ የሚደፍኑበት ነው፤ ጀርባው ሙጫ አለው። ቆራርጠው አንዱን ባንዱ ላይ እየደራረቡ ካርቶኑ ላይ ይለጥፉታል። ከዚያ በማንኪያ ጀርባ ይፈትጉታል፣ አየር እንዳይቀር። ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ሲጫኑት ይሰረጉዳል። በመጨረሻ ላዩን በሙሉ በእጅ ጥቁር ቀለም ይቀቡታል።»

«ተበላሸ ማለት ነዋ!»

«አይ፣ እዚያው ወዲያው መጥረግ ነው። ስርጉዱ ውስጥ ያለው ይቀራል፣ ላዩ ይጠራል። ግን ከዘገየ አለቀ። ቀለሙ ብረቱ ላይ ይነክሳል፤ ብትፍቂው ቴፑ ይቀደዳል። ያን ሁሉ ልፋት ወስዶ መጣል ነው።»

«እህትሽ ጎበዝ ነበረች፤ ይህን ማን አስተማራት?»

«እኔ ነኛ!» አለች ልጅቷ፣ ቃሉ ሳታስበው አምልጧት። ወዲያው ቀሚሱን መልሳ አነሳች። «ማለቴ... ቴፑን ከወዳደቀ ቦታ አግኝቼ ወረቀት ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። እሷ አሳመረችው።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ሥራ ክፍሉ ተመለሰች። ግድግዳው ላይ የሟቿ የቀድሞ ሥራዎች ተደርድረዋል። አንድ በአንድ አውርዳ በመስኮቱ አጠገብ ብርሃን ላይ እያጋደለች ስታያቸው ቆየች። ከዚያ ሹሙን ጠርታ፣ «ሦስቱንም እዚህ አምጣልኝ» አለችው።

ሬሳው ተነስቷል። ባልየው በሩ ደፍ ላይ ቆሞ ልብሱን ሲያራግፍ ኢንስፔክተሯ፣ «ግድ የለም፣ ይግቡ» አለችው። በገባበት ሁሉ ብናኙ ንጹሑ ወለል ላይ ተከተለው። ባለ ሱቁ ግድግዳውን ተደገፈ። እህትየዋ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆመች።

ኢንስፔክተሯ ሟቿ ሠርታ ቀለም ያልቀባችውን አንዲት ትንሽ ካርድ ከመደርደሪያው አነሳች። ካርዷ ላይ በብርማው ቴፕ ዓሣ ተሰርጉዶበታል። የቀለሙን ጠርሙስ ከፍታ በጣቷ ዛቀችና ዓሣውን ድፍን አድርጋ አጠቆረችው። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣው ዘወር አለች።

«ሟቿ እንዲህ እየቀባች ሳለ ነው የተገፈተረችው» ብላ ጀመረች። «ይህን የነገሩኝ እጆቿ ናቸው። እስከ አንጓቸው ጥቁር ናቸው፤ አልታጠቡም፣ አልተጠረጉም። ወፏ ግን ተጠርጋ ታበራለች። በዚያ እጅ ማንም ሰው ስዕል ይዞ ቢጠርግ ነጩ ጠርዝ ላይ ጣቱ ይታተም ነበር። ጠርዙ ነጭ ነው። እንግዲህ ወፏን የጠረገው ንጹሕ እጅ ያለው ሌላ ሰው ነው። የጠረገውም እሷ ከወደቀች በኋላ ነው።»

«ባልየው ይሆናላ» አለ ሹሙ።

«እሳቸው ሲራመዱ ወለሉን እየው። ጠዋት ግን ብናኙ ከደፉ አላለፈም ነበር። ደግሞ ጥቁሩን ሲያዩ ስዕሉ የተበላሸ ነው የመሰላቸው። መጠረግ እንዳለበት የማያውቅ ሰው ለመጥረግ ጨርቅ አያነሳም።»

ባልየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ባለ ሱቁም እንደዚያው ናቸው። ስንት ጊዜ የሸጡት ስዕል እንዴት እንደሚሠራ አያውቁም፤ መስመሮቹ በብሩሽ የተሳሉ ይመስላቸዋል።»

«አይደሉም እንዴ?» አለ ባለ ሱቁ።

ኢንስፔክተሯ ቀስ አለች። ወደ መስኮቱ ሄደች፤ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ ስለ አየሩ ሙቀት አንድ ሁለት ነገር ተናገረች። ሹሙ ሰዓቱን አየ። ባልየው ወለሉን ያያል። እህትየዋ ግን ማንንም አታይም። ዓይኗ ዓሣው ላይ ተተክሏል። ጥቁሩ ቀለም ከዳር ዳር እርጥበቱ እየጠፋ፣ እየደበዘዘ ነው። ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች፤ ጣቶቿን አፍተለተለች፤ አንዴ ወደ ኋላ አለች፣ መልሳ ቀረበች።

«እናም እንግዲህ» አለች ኢንስፔክተሯ፣ ቃሉን እየጎተተች፣ «ይህን ነገር ስናጤነው...»

«ኧረ ይደርቃል!»

ልጅቷ ከጠረጴዛው ጥግ ጨርቅ መንጭቃ ነጩን እንዳታቆሽሽ የካርዱን ጠርዝ በጥፍሯ ብቻ ይዛ ዓሣውን ጠረገችው። ከላይ ወደ ታች፣ ቀጥ ባለ መስመር፣ ደጋግማ። ብሩ ከጥቁሩ ሥር ብቅ አለ። ከዚያ ነው እጇን ያየችው። ጨርቁ ወደቀ።

ኢንስፔክተሯ ከግድግዳው የወረደውን አንዱን የሟቿን ሥራ አንስታ ብርሃን ላይ አጋደለችው።

«ቴፑ ለስላሳ ነው፤ ጨርቅ እንኳ በቀጭኑ ይጭረዋል። እህትሽ የምትጠርገው በትንንሽ ክብ ነበር፤ እዚህ ያሉት ሁሉ ላይ ጭረቱ ክብ ክብ ነው። ወፏ ላይ ግን ከላይ ወደ ታች ቀጥ ያለ ነው። አሁን አንቺ እንደጠረግሽው። ከበሩ አላለፍኩም ብለሽኝ ነበር።»

ልጅቷ አልካደችም። ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ስሜን ከጀርባው ጻፊበት ነው ያልኳት» አለች። «ትርዒቱ ላይ ቴፑን ማን እንደጀመረው ይታወቅ። ሌላ አልጠየቅሁም። 'ያንቺ እጅ ከባድ ነው፣ አንቺ ጀርባውን ለጥፊ' አለችኝና ሳቀች። እየሳቀች ቀለም መቀባቷን ቀጠለች። ገፋኋት። ይህን ያህል ነው። ብረቱን አላየሁትም።»

«እሺ፣ ወደቀች» አለች ኢንስፔክተሯ። «ከዚያስ?»

«ጠራችኝ። ሁለት ጊዜ። 'ሰው ጥሪልኝ' አለችኝ።»

ባልየው ከቆመበት ተንቀሳቀሰ፤ ሹሙ ክንዱን ያዘው።

«አንቺስ ምን አደረግሽ?»

«ቀለሙ እየደረቀ ነበር።» ልጅቷ እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረችው። «መጀመሪያ ወፏን ልጥረግ፣ ከዚያ እጠራለሁ አልኩ። ስጠርግ ላባዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ዕድሜ ልኬን ብሠራ አልሠራውም። እጄ እየጠረገ አንጀቴ አረረ። ስጨርስ እትዬ ዝም ብላለች።»

«ወፏ እንዳትበላሽ ሳስተሽ እህትሽን ተውሻት?»

«ወፏ እንድትቀር ፈለግሁ» አለች ልጅቷ ቀና ብላ። «እሷ ግን ሌላ እንዳትሠራ።»

ባለ ሱቁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሹሙ ለባልየው ያዘጋጀውን ካቴና አውጥቶ ልጅቷ እጅ ላይ አስገባ፤ ወደ በሩ ሲወስዳትም አልታገለችም። ሲያልፍ ለኢንስፔክተሯ፣ «ሪፖርቱን እኔ እጽፈዋለሁ» አላት። እሷም ውስጧ ቢቃጠልም፣ «ጻፈው» አለችው።

ባልየው ሳሎን ገብቶ የተጣጠፈውን የልጁን ልብስ ሁሉ ከሻንጣው አውጥቶ ወደ ቁም ሣጥኑ መለሰው፤ አጣጥፎ ሳይሆን እንዲያው እየወረወረ። ከዚያ ወደ ጎረቤት ሄዶ በሩን አንኳኳ። ትንሿ ልጁ ራሷ ነበረች የከፈተችው።

«አባዬ፣ አክስቴ ልትወስደኝ ነው አሉኝ። የት ነው የምንሄደው?»

አባትየው ተንበርክኮ አቀፋት።

«የትም አንሄድም» አላት። «እኔና አንቺ ቤታችን ነን።»