ሁለተኛው ጉርሻ

እውነት ነው። ያላመነ ይለፈው፣ አልጨቃጨቅም።

ቤቱ ጭር ሲልልኝ ነው የምጽፈው። ሂንድ እባላለሁ። ጋሸና መንገድ ዳር ምግብ ቤት አለኝ። ባሌ በድሩ የጭነት ሹፌር ነው።

ባለፈው ጥቅምት፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ላሊበላ...

በድሩ ለሆቴሎቹ ለስላሳ አራግፎ ሲጨርስ፣ ዛሬ እንኳ ሌላ ሰው አብስሎ ያብላሽ ብሎ አዲስ የተከፈተ ሬስቶራንት ወሰደኝ። ገደል አፋፍ ላይ ነው የተሠራው። ሼፉ ዱባይ ሠርቷል ይባላል። ነጭ ጨርቅ፣ ረጃጅም ብርጭቆ፣ ሻማ።

ከእኛ በቀር ሰው የለም።

መጀመሪያ የገረመኝ ወንበሩ ነው። ሰው እዚያ ድረስ የሚወጣው ሸለቆውን ሊያይ ነው አይደል? በረንዳው ላይ ያሉት ወንበሮች ግን በሙሉ ጀርባቸውን ለገደሉ ሰጥተዋል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የለኝም። የኔንም የበድሩንም አዞርኳቸው።

ከበረንዳው አጥር ወዲያ መሬት የለም። ባዶ ነው።

አስተናጋጇ ማኅሌት ትባላለች፣ ደረቷ ላይ ተጽፏል። የዞሩትን ወንበሮች ስታይ ቆም አለች። ምነው ብላት ምንም አለች። ሥጋው የክርስቲያን ስለሆነ የጾም ምግብ አዘዝን።

ከዚያ ጠፋች።

ውሃ መጣ፣ ብርጭቆ የለም። ብርጭቆ ሲመጣ ውሃውን ወሰዱት። አንዱ አስተናጋጅ ሾርባውን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ጣል አድርጎ... ሮጠ። ወላሂ ሮጠ። አንዳቸውም ቀና ብለው ወደ ገደሉ አያዩም።

እኔ ቤት እንዲህ ቢያደርጉ በማማሰያ ነበር የማባርራቸው። በድሩ ይስቅብኛል።

ዋናው ምግብ መጣ። ሳህኑ ሰፌድ ያህላል፣ እንጀራው እንደ ሲጋራ ተጠቅልሏል፣ ሽሮው ጠብ ጠብ ተደርጓል። በድሩ አየው አየውና፣ "ይሄ ቅምሻው ነው፣ ምግቡ ኋላ ይመጣል" አለ። ሹካውን ገፋ አድርጎ በእጁ ጀመረ።

ሰውየው ያኔ ነው የመጣው።

ጋቢ ለብሷል። ከአጥሩ ወዲያ ቆሟል። ፀሐይዋ ከጀርባው ስለሆነች ፊቱ አይለይም።

ልብ አላልኩትም። በድሩም ልብ አላለውም። እየበላ ሳለ ቆሞ የሚያየው ሰው ሲያጋጥመው ማንም የሚለውን አለ።

"ቢስሚላህ፣ እንብላ።"

ሰው እንዲህ ሲባል ብሉ፣ ይባረክ ብሎ ያልፋል። እሺ የሚል የለም።

ሰውየው ግን...

ቀረበ።

ምን ላይ እንደሚራመድ አላውቅም። ከአጥሩ ወዲያ ገደል መሆኑ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

ማኅሌት ከኋላዬ መጣች። ትንፋሿ ጆሮዬ ላይ ነው።

"ማን ጠራው?"

በአገጬ በድሩን አሳየኋት።

"እዚህ ጋ እንብላ አይባልም፣ እትዬ።"

ለእንግዳ እንዳንናገር ተከልክለን ነው አለችኝ። ወንበሩንም ያዞርነው ለዚሁ ነው፣ ያየው ሰው መጥራቱ አይቀርም አለች። ከዚያ ወደ በድሩ ዞረች።

"አንድ ያጉርሱት። አንድ ብቻ። ይሄዳል።"

ባያጎርሰውስ አልኳት። ሳህኑን ወደ በድሩ አስጠጋች።

በድሩ ጠቀለለ። ተነስቶ ዘረጋለት። ሰውየው በአጥሩ ላይ አጎንብሶ ጎረሰ። ሲያኝክ ድምፅ የለውም። ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ፣ ዞረ። ሊሄድ ነው...

ትንፋሼ መለስ አለ።

በድሩን ሳየው ግን እጁ ሳህኑ ላይ ነው። ሁለተኛ እየጠቀለለ ነው።

የኛን ሰው ታውቁታላችሁ። እንግዳን አንዴ አጉርሶ አይተውም፣ ነውር ነው። በድሩ አስቦበት አይደለም። እጁ ያደገበትን ነው የሠራው።

"አንድ ያጣላል" አለ፣ ቀስ ብሎ።

"ተው በድሩ..."

ሰውየው ተመለሰ። ሁለተኛውን ጎረሰ።

ማኅሌት ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

እሷ ያልነገረችን ያኔ ገባኝ። በአንዱ ተሸኘ። በሁለተኛው ወዳጅ ሆነ። ወዳጅ ደግሞ ጎርሶ ዝም አይልም፣ ያጎርሳል።

ሰውየው ከጋቢው ሥር እጁን አወጣ። የሆነ ነገር ጠቅልሎ ይዟል። ምን እንደሆነ አላየሁም።

በድሩን በሸሚዙ ይዤ ጎተትኩት። አልተነቃነቀም። አፉን ከፈተ። የፈለገ አይመስልም... ግን ከፈተ፣ እንደ ሕፃን።

ጎረሰ። አኘከ። ዋጠ።

ቀና ስል አጥሩ ጋ ማንም የለም።

ወደ ጋሸና ስንመለስ ምን አጎረሰህ እያልኩ ጠየቅኩት። "ይጣፍጣል" አለኝ።

ይሄው ከዚያን ቀን ወዲህ ከኔ ቤት እህል አልቀመሰም። ሐኪም ጋ ወሰድኩት፣ ጤነኛ ነው አሉኝ። ሼሁ መጥተው ቁርኣን ቀሩበት፣ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ፣ ምንም የተለወጠ የለም። አልከሳም። ሱሪው እንቢ እስኪለው እየወፈረ ነው።

በየቀኑ አመሻሽ ላይ ጓዳ ይገባና ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ይቀመጣል። አፉን ይከፍታል። ያኝካል። ይውጣል። ደግሞ ይከፍታል።

ትናንት አላስችል አለኝ። ገብቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ክንዱን ይዤ፣ በቃህ በድሩ፣ ወደኔ ተመለስ አልኩት።

ዞሮ አየኝ። ፈገግ አለ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ተመለሰና...

"እሷንም" አለ።

ሁለቱም እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው። እያየኋቸው ነው።

ከንፈሬን ጣት ነካኝ።

አልከፍትም አልኩ በልቤ። አፌ ግን...

እየተከፈተ ነበር።