ባዶው ብልቃጥ

የቴሌግራፍ ሽቦ ወደዚያች የወደብ ከተማ በተዘረጋ በማግስቱ ዓመት፣ የክረምቱ ዝናብ የጦር ሆስፒታሉን ቆርቆሮ ከጧት ጀምሮ ሲደበድብ በዋለበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሐኪሙ የአዛዡን አንድያ ልጅ ሆድ ከፍቶ የሚፈልገውን አጣ።

የትርፍ አንጀትን ቦታ እንኳን እሱ ጀማሪም አይስተውም፤ በትልቁ አንጀት መነሻ ላይ የተጋደሙት ሦስት የጡንቻ መስመሮች የሚገናኙት እዚያው ነው። ተከተላቸው፤ ተገናኙ፤ የተገናኙበት ቦታ ግን እንደ እንቁላል ልሙጥ ነበር። ቁስሉን አስፍቶ ከአንጀቱ ጀርባ በጣቱ ዳሰሰ፤ ወደ ግራም ተሻገረ። ያገኘው ያበጡ ዕጢዎችን ብቻ ነው፤ ሕመሟም ከእነሱ የመጣ፣ በዕረፍት የሚድን ነበር።

«ሳይፈጠርባት ቀርቷል» አለ በመጨረሻ።

ለብዙ ዓመት አብራው የሠራችው ዋና አስታማሚ ቀና ብላ አየችው። «እርስዎ ያምኑት ይሆናል። አዛዡስ?»

አዛዡን ሰው የሚፈራቸው በከንቱ አልነበረም። ከዚህ በፊት የነበረው ሐኪም፣ ከዘመቻ መቅረት የሚሹ ወታደሮችን ቆዳቸውን ብቻ እየሸረከተና እየሰፋ «ኦፕራሲዮን ሆነዋል» ብሎ ወደ ቤታቸው ሲሰድ ተይዟል፤ ከዚያ ወዲህ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ያሉት አዛዥ፣ ከሰው ሆድ የወጣ ነገር ሁሉ በአልኮል ብልቃጥ ተደርጎ ለዘመድ ይታይ ብለው ደንብ አወጡ፤ ያላሳየ ሐኪም በአታላይነት ይከሰሳል።

አስታማሚዋ ወደ መደርደሪያው በዓይኗ ጠቀሰችው። ትናንት ከአንድ መድፈኛ ሆድ የወጣ ትርፍ አንጀት እዚያ በብልቃጥ ተቀምጧል።

«ስም አልተጻፈበትም። ማን ከማን ይለየዋል?» አለች። «እርስዎም የልጆች አባት ነዎት።»

ልጆቹ ዓይኑ ላይ ድቅን አሉበት፤ እጁም ወደ ብልቃጡ ሄደ። ነገር ግን ከአዛዡ ይልቅ የገዛ ዓይኑን ጠረጠረ። በስንት ሺህ ሰው አንዴ ይገጥማል የተባለውን እሱ ዛሬ አየሁ ማለቱ ነው፤ ተሰውሮበት ቢሆንስ? ወጥቷል ብሎ ቢዋሽ፣ ነገ ሲያማት የሚያያት ሐኪም «እሱማ ወጥቶላታል» ብሎ ይተዋታል፤ ትሞታለች። እጁን መለሰ።

አዛዡ ቦት ጫማቸው እንደራሰ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ልጅዎ ትድናለች፣ ክቡር አዛዥ። ትርፍ አንጀት ግን አላገኘሁባትም፤ አብሯት ያልተፈጠረ ይመስለኛል። ዳግመኛ የሚያያት ሐኪም ቢኖር ይህንኑ ይንገሩልኝ።»

«ብልቃጡን ያሳዩኝ።»

ባዶውን አቀበላቸው። አዛዡ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው አገላበጡት።

«የማንም ልጅ ያለው ነገር ለእኔ ልጅ ጎደላት?» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ እርስዎ ማለታቸው ቀረ። «ሆዷን ከፍተህ ምን አደረግህባት? ምንድን ነው የደበቅኸኝ?»

ሐኪሙ መሐላ አበዛ፤ ባበዛ ቁጥርም የባሰ አስጠረጠረው። ችሎቱ አጭር ነበር፤ ፈቃዱን ተነጥቆ በረሃ ዳር ወዳለ ምሽግ ተላከ፤ እዚያው ሞተ። ልጆቹም የአታላዩ ልጆች እየተባሉ አደጉ።

ልጅቱ ድና፣ አግብታ፣ ወልዳ፣ አርጅታ፣ በሐሞት ጠጠር የተነሣ ሆዷ እንደገና ሊከፈት ሆነ። አባቷ ከሞቱ ቆይተዋል።

«አንድ ሐኪም ትርፍ አንጀት የላትም ብሎ ነበር» አለችው አዲሱን ሐኪም። «አባቴ ዋሽቷል እንዳሉ ሞቱ። እስቲ እግረ መንገድህን እይልኝ፣ ልጄ። የዚያ ሰው ነገር ከሆዴ አልወጣም።»

ሐኪሙ ቃሉን ጠብቆ ፈለገ። ስትነቃ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ፈገግ አለላት።

«አባትዎ እውነታቸውን ነው፣ እናቴ። ሰውየው አውጥቶታል። ጠባሳው ይኸው አለ፤ ትርፍ አንጀቱ የለም።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የዚያ ሐኪም ግን ንጋቱም ጨለመበት፤ እውነቱን ሊፈልግ የቀደደው ቁስል ራሱ መሰከረበት። ከተማይቱም ስሙን ረስታ፣ የአዛዡን ልጅ ትርፍ አንጀት የሰረቀ ሐኪም እያለች እስከ ዛሬ ታነሣዋለች።