ሴል ስንት ነው?

«ሳቁን አቁሙ!» አሉ መምህር ኸይረዲን፣ የራሳቸውን ፈገግታ መደበቅ እያቃታቸው።

ማን ይሰማቸዋል! የጥያቄና መልስ ውድድር የሚካሄድበት የትምህርት ቤቱ አዳራሽ በሳቅ ተናውጧል። ጥያቄው «የሴልን ክፍሎች ዘርዝሪ» የሚል ነበር። ሪሀና ሳታወላውል፣ «ፖዘቲቭ ጫፍ፣ ኔጋቲቭ ጫፍ፣ መሀላቸው ኤሌክትሮላይት» ብላ መለሰች። መምህር ኸይረዲን የአማርኛ አስተማሪ ናቸው፤ ወረቀት ላይ ተጽፎ ከተሰጣቸው መልስ ጋር ስላልገጠመላቸው ጥያቄውን ወደ ሌላዋ ተወዳዳሪ፣ ወደ ነዋል አሻገሩት።

«ኒውክለስ፣ ሳይቶፕላዝም፣ ሜምብሬን» አለች ነዋል።

ተጨበጨበላት። በዚያች ነጥብ ሪሀናን በልጣ፣ ደሴ ለሚደረገው ውድድር ትምህርት ቤቱን እንድትወክል ተመረጠች። ጭብጨባው ሳይበርድ ግን አንድ ነገር ከነከናት። ሰሞኑን ፊዚክስ ላይ የተማሩት ባትሪ ድንጋይም እኮ ስሙ ሴል ነው! ሪሀና አልተሳሳተችም።

ግቢው ውስጥ ስታገኛት ልጆች «ባትሪ ድንጋይ!» እያሉ ሙድ ይይዙባታል።

«ማል ታቴ? ምን ነካሽ? ለምን አልተከራከርሽም?» አለቻት ነዋል፣ ተናዳ።

«ያ ሁሉ ሰው እየሳቀ ምን ልበል? ዲሲ፣ ተይው በቃ።»

«መልስሽ እኮ ልክ ነው!»

«ታዲያ አንቺስ ያኔ ለምን አልተናገርሽም?» ሪሀና ፊቷን አዙራ ሄደች።

ነዋል በገነች። በሪሀና ዝምታ፣ በራሷ ዝምታ፣ ከሁሉም በላይ በቃሉ። ባዮሎጂ ሲገቡ ሴል ሕይወት አለው፤ ፊዚክስ ሲገቡ ባትሪ ነው፤ አይሲቲ ሲገቡ ኮምፒውተር ሰንጠረዥ ላይ ያለች ባዶ ሳጥን። ወላሂ፣ ለአንድ ቃል አንድ ሥራ አይበቃውም?

እየተነጫነጨች መምህራን ክፍል ገባች።

«ቲቸር፣ ጥያቄው የባዮሎጂ ነው የፊዚክስ አልተባለም። የሪሀናም መልስ ልክ ነው።»

መምህር ኸይረዲን መነጽራቸውን አወለቁ። «ነጥቡን ያገኘሽው አንቺ ነሽ። ምን ጎደለሽ?»

«ምንም።»

«ለእሷ ከተሰጠ ደሴ የምትሄደው እሷ ናት። ገብቶሻል?»

ገብቷታል፤ የሚያበሳጫትም እሱ ነው። ክረምቱን ሙሉ ባቲ አክስቷ ቤት ልሂድ ሳትል ስታጠና የከረመችው ለዚህ ነበር።

«ገብቶኛል» አለች፣ እንደተቆጣ ሰው። «የፊዚክሱን ቲቸር ይጠይቋቸው። እኔ ሪሀናን ልጥራት።»

መልስ ሳትጠብቅ ወጣች። ሪሀናን የግቢው በር ላይ ደረሰችባትና ክንዷን ያዘቻት።

«ነይ።»

«ወዴት?»

«ነይ አልኩሽ! እንደ ቅድሙ ዝም ብትዪ ግን አልለቅሽም።»

መምህራን ክፍል ሲደርሱ ነዋል በሩን አንኳኳች። «ግቡ» የሚል ድምፅ ሲሰማ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸት ብላ ሪሀናን አስቀደመቻት።