ሰባተኛው ኩርባ ላይ

ብስክሌቶቹን ከውድድር በፊት መቀስቀስ የመካኒኳ የየሻሽወርቅ ሥራ ነው። አንዱ ቶሎ አይነቃም፤ ሌላው ብርድ ይጠላል። ከኮርቻቸው ሥር «ልማድ ያዥ» የሚባል፣ እንቁላል የሚያክል ዕቃ አለ። የነጂውን አመል ይማራል፤ የት ፍሬን እንደሚይዝ፣ የት እንደሚፈጥን። ከዚያ ብስክሌቱ ራሱ ያግዘዋል።

ቅዳሜ ጠዋት የኮሌጁ ልጆች በለመዱት ተራራ ላይ ቁልቁል ሲወዳደሩ ሚልኪያስ የነዳው የቡድን ጓደኛውን የሶልያናን ብስክሌት ነው። የእሱ አርጅቷል። እሷ ደግሞ ከሃያ ስምንት ቀን በፊት ተኝታ ሳለ ልቧ ቆሞ ሞታለች። አርባዋ እንኳ አልወጣም።

ሰባተኛው ኩርባ ላይ ብስክሌቱ በራሱ ፍሬን ያዘ። ቀጥ። ሚልኪያስ ፔዳሉን ቢረግጥ፣ ቢሳደብ፣ እምቢ አለው። ተሸክሞት ወረደና መጨረሻ ገባ።

«የሻሽ፣ ልማዱን አጥፊው» አለ አሰልጣኝ ደጉ። «ነገም እንዲህ ከሆንን ከሻምፒዮናው ወጣን።»

«ከልጅቷ የቀረን እሱ ብቻ ነው። አላጠፋም።»

«ብረት እኮ ነው!»

«ብረት ከሆነ ምን አስቆመው? መጀመሪያ ያንን ልወቅ።»

«እስከ ነገ ጠዋት» ብሏት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ የልማድ ያዡን መዝገብ ስክሪን ላይ ከፈተችው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በልምምድ ቀን ሁሉ፣ ብስክሌቱ ሰባተኛው ኩርባ ላይ ይቆማል። የሚነሳው የአንድ ሌላ ብስክሌት መለያ፣ ማለት በየብስክሌቱ ታስሮ ቁጥሩን በሬዲዮ የሚያሳውቀው ቁራጭ፣ ሲቀርበው ብቻ ነው፤ የቁጥር አሥራ ዘጠኝ።

ሚልኪያስን ጠራችው።

«ያ አሮጌው ብስክሌትህ ቁጥሩ ስንት ነበር?»

«አሥራ ዘጠኝ። ምነው እትዬ?»

«ሶልያና እዚያ ኩርባ ላይ ምን ታደርግ ነበር?»

«የጫማዋን ክር ታስራለች» አለ ፈገግ ብሎ። «ሁሌ እየተጎተትኩ ስደርስ ክሯን ስታስር ነው የማገኛት። ‹ክር ማሰር ሳትችዪ ነው ተራራ የምትወርጂው?› እያልኩ አበሽቃት ነበር።»

የሻሽወርቅ ስክሪኑን አዞረችለት። አነበበው። እንደገና አነበበው። ፈገግታው ጠፋ።

«እኔን ነበር እንዴ?»

«አንተን ነው። ብስክሌቱ አሁንም አንተን ነው የሚጠብቀው። ጀርባው ላይ መሆንህን በምን ይወቅ?»

መለያውን ከአሮጌው ብስክሌት ነቅላ ከሶልያና ብስክሌት ኮርቻ ሥር አሰረችው። ምንም አላጠፋችም።

እሑድ ዕለት ብስክሌቱ ኩርባው ላይ ለአፍታም አላመነታም። ሚልኪያስ ሦስተኛ ገባ፤ ቡድኑ ተረፈ። ልጆቹ ደጉን ተሸክመው ሲጨፍሩ ሚልኪያስ ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ ጎማውን ያያል።

«እትዬ፣ አልቆመም።»

«እንዳይቆም አይደል የለፋነው?»

«እሱማ ነው። ግን... ደረስክ ብላ ጥላኝ የሄደች መሰለኝ።»

የሻሽወርቅ አጠገቡ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ማሽኑ መጠበቅን ከሰው ተማረ፤ መሞትን ያስተማረው የለም። ሰው ግን ሞትን እያወቀም መጠበቁን አይተውም።

አመሻሽ ላይ ሚልኪያስ መለያውን ፈትቶ እጇ ላይ አኖረላትና ብስክሌቱን እየገፋ ተራራውን ወጣ። ከታች ሆና አየችው። ቁልቁል መጣ። ሰባተኛው ኩርባ ላይ ብስክሌቱ ቀጥ አለ።

ሚልኪያስ አልረገጠውም፣ አልተሳደበም። ወርዶ ተንበረከከና፣ ያልተፈታውን የጫማውን ክር ፈትቶ ቀስ ብሎ እንደገና አሰረው።