የሲላስ ባይነኩላር

ሲላስ የተገኘው ከእንጦጦ ማርያም በታች፣ ገደሉ ሥር ነው። መነጽሩ ተሰብሯል፣ ሩቅ ማያው ባይነኩላሩ አንገቱ ላይ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ለእንግዶች ወፍ ሲያሳይ የኖረ ሰው፣ ወፍ ሲያይ ወደቀ ቢባል ማን ይጠራጠራል? ግን አፋፉ ላይ ሣሩ በእግር ተረጋግጧል፤ ትግል ነበር።

ኢንስፔክተር ሰናይት ዳገቱን እያለከለከች ወጣች። ወይ ጉልበት! እንቅልፍ ካየች ሰንብታለች። አለቃዋ ደግሞ የጫካ ጥበቃውን ጋሽ ዱጉማን አስሮ ፋይሉን ሊዘጋው ቸኩሏል፤ ነገ ፍርድ ቤት ያቀርባቸዋል።

«ጋሼ፣ ከሲላስ ጋር ለምን ተጣላችሁ?» አለቻቸው እስር ቤት ወርዳ።

«ከመንገድ ወጥቶ ሲሄድ ጮህኩበት፤ በቃ። እንደ ልጄ ነበር እኮ!» ወፍራም መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጠረጉ። «ልጄ ደራርቱ ልትወልድ ደርሳለች። ከእኔ ሌላ ማን አላት?»

ሰናይት የሲላስ የሥራ ባልደረባ ወደሆነው ወደ አክሊል ሄደች።

«ያን ቀን ዊንጌት ሰፈር ነበርኩ፤ ጫካ አልወጣሁም» አላት።

«ባይነኩላሩን ታውቀዋለህ?»

«ነክቼው አላውቅም። ሲላስ በእሱ ስስታም ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ከፍርድ ቤት ቀጠሮው በፊት፣ ሁሉንም አፋፉ ላይ ሰበሰበቻቸው፤ ጋሽ ዱጉማን በካቴና፣ አክሊልን፣ የሲላስን ሚስት ሩታን።

«ሩታ፣ ሲላስ ያለ መነጽር ያይ ነበር?»

«እኔንም አያየኝም ነበር።»

ሰናይት ባይነኩላሩን አነሳች። «መነጽር ያደረገ ሰው ይህን ዓይን የሚያርፍበትን ጎማ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ አለዚያ ወፉ ግማሹ አይታየውም። ሬሳው ላይ ስናገኘው ግን ጎማው ወጥቶ ነበር። መጨረሻ ላይ ያየበት ሰው መነጽር አያደርግም። ጋሽ ዱጉማ ያደርጋሉ። ሩታ ሱቋ ነበረች፤ ጎረቤት መስክሯል። ስለዚህ ጎማውን አስመረመርኩት። አክሊል፣ ሌላውን ሁሉ ጠርገሃል፤ የጎማው ሥር ግን የጣትህን አሻራ ይዟል።»

አክሊል ጎማውን አየና መናገር ጀመረ።

«የግንደ ቆርቁሩን ጎጆ ለእንግዶቼ ላሳይ አልኩት። ጫጩቶቹ ሳይበሩ አይሆንም አለኝ። ባይነኩላሩን ነጠቅኩት... ገና ሳላይበት ሊቀማኝ ሲታገል ገፋሁት። እ... ማለቴ፣ ልገድለው አልነበረም!»

«ከገፋኸው በኋላ ነው ጎማውን ያወጣኸው» አለች ሰናይት ድምፅዋ ዝሎ። «ምን ልታይበት?»

አክሊል ፊቱን ከገደሉ አዞረ።

«በሕይወት ይኑር አይኑር ልታይ ነው። ሐኪሙ ወዲያው አልሞተም ብሏል። አንተ ግን ስልክ አልደወልክም። እስኪሞት ጠብቀህ ወረድክና ባይነኩላሩን አንገቱ ላይ አጠለቅክለት።»

የጋሽ ዱጉማ ካቴና ተፈታ። ሩታ ወደ አክሊል ቀረበች።

«ስታየው ይንቀሳቀስ ነበር?»

«እጁን ያነሳ ነበር» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «እኔን እየጠራ።»

ሩታ እዚያው ሣሩ ላይ ተዘረፈጠች። ጋሽ ዱጉማ ነፃ ወጥተውም ወደ ደራርቱ አልሮጡም። ሩታ አጠገብ ቁጭ ብለው፣ «ልጄን ሲላስን! እዚሁ ጫካ እያለሁ!» እያሉ አብረዋት አለቀሱ።